አደባባይ የሚበላሸው በሥዕል አይደለም

አንድ ከተማ አዲስ አደባባይ ወይም የወንዝ ዳር መናፈሻ ሊሠራ ነው ሲባል መጀመሪያ የሚወጣው ምስሉ ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ዛፎቹ ከተተከሉ ሃያ ዓመት ያለፋቸው ይመስላሉ። አንድ ሕፃን ፊኛ ይዞ ይሮጣል። ባለሙያዎቹ ይህን ሬንደር ይሉታል፤ ገና ያልተሠራን ቦታ ኮምፒውተር እንደ ፎቶግራፍ አድርጎ ሲያሳየው ማለት ነው። ወዲያው ክርክሩ ይጦፋል። አንዱ «እንዴት ያምራል!» ይላል። ሌላው «ለዚህ ሁሉ ንጣፍ ገንዘቡ ከየት መጣ?» ይላል። ከምስሉ ግርጌ የአንድ የአርክቴክቸር ስቱዲዮ ስም ተጽፏል። ሙገሳውም ስድቡም እዚያው ስም ላይ ያርፋል።

ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ስቱዲዮው የሚወስነው ሰዎች ከሚያስቡት ያነሰ ነው፤ የሚያውቀው ደግሞ ከሚጠየቀው በላይ ነው። አንድ የሕዝብ ቦታ ሕይወት ይኑረው አይኑረው በአብዛኛው የሚቆረጠው ከሥዕሉ በፊት በሚፈረመው ውልና ከምረቃው በኋላ በሚደረገው ጥገናና ጥበቃ ነው። ሥዕሉ የሁለቱ መሃል ነው። (ዓመቶቹ፣ ወሮቹና ቀኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሕንፃ የማይሠራ የአርክቴክቸር ቢሮ

አርክቴክት ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው ሕንፃ ነው። ዋና ሥራቸው በሕንፃዎች መካከል ያለው ክፍት ቦታ የሆነ ስቱዲዮዎችም አሉ። እነዚህ ቢሮዎች ውስጥ አርክቴክቶች፣ የመልክዓ ምድር ዲዛይነሮች፣ የትራፊክና የውኃ መሐንዲሶች አብረው ይሠራሉ። አንዳንዴ የሶሺዮሎጂ ባለሙያም ይጨመራል። የሚሠሩት የሕዝብ ቦታን ነው፤ ማንም ሳይከፍልና ሳያስፈቅድ ሊገባበት፣ ሊቆምበትና ሊቀመጥበት የሚችለውን ቦታ። መንገድ፣ አደባባይ፣ መናፈሻ፣ የባቡር ጣቢያ ደጃፍ ሁሉ እዚህ ውስጥ ይገባሉ።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። ጃምባቲስታ ኖሊ የተባለ ጣሊያናዊ በ1748 የሮምን ካርታ ሲያሳትም ሕንፃዎቹን አጠቆረ፣ መንገዱንና አደባባዩን ነጭ አድርጎ ተወ። የሚገርመው የአብያተ ክርስቲያናቱን ውስጥም ነጭ አደረገው። ሰው እንደ ልቡ ይገባባቸዋል። ባለቤታቸው ሌላ ቢሆንም በኖሊ ዓይን የከተማው አካል ነበሩ። ባለቤትነትና መጠቀም ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ያኔም ገብቶት ነበር ማለት ነው።

የዛሬዎቹ ስቱዲዮዎች ሥራ በሥዕል አይጀምርም፤ በቆጠራ ነው የሚጀምረው። የኮፐንሃገን ዋና የገበያ መንገድ ስትሮየት በ1962 ለመኪና ሲዘጋ ነጋዴዎቹ ደንበኛ እናጣለን ብለው ፈርተው ነበር። ጎዳና ላይ መዋል የደቡብ ሰዎች ልማድ ነው፣ ለዴንማርክ ብርድ አይሆንም የሚልም አልጠፋም። አርክቴክቱ ያን ጌልና ባልደረቦቹ ከዚያ ወዲህ ባሉት አሥርት ዓመታት ሰው እየቆጠሩ ኖሩ። በሰዓት ስንት ሰው ያልፋል? ስንቱ ይቆማል? ስንቱ ይቀመጣል? የሚቀመጠውስ የት ነው? ይህ አሰልቺ የሚመስል ቆጠራ ለከተማው ባለሥልጣናት በእጅ የሚያዝ ማስረጃ ሆነ። ጌል በ2000 ከሄለ ሶሆልት ጋር በስሙ ያቋቋመው ቢሮም ዛሬ ድረስ በዚሁ ዘዴ ይሠራል።

በኒው ዮርክ ደግሞ የከተማ ሕይወት ተመራማሪው ዊሊያም ዋይት በ1970ዎቹ ካሜራ ጠምዶ የሕንፃ ደጃፍ አደባባዮችን ቀረጸ። አንዳንዶቹ በምሳ ሰዓት ጢም ብለው ይሞላሉ፣ ሌሎቹ ግን ኦና ናቸው። ለምን? ፀሐይ፣ ስፋት፣ ቅርጽ፣ ሁሉንም መረመረ። ያገኘው መልስ ከቀላልነቱ የተነሳ ያሳፍራል፤ ሰው የሚቀመጠው መቀመጫ ባለበት ነው። ከሁሉ የሚወደደው ደግሞ ከቦታ ቦታ የሚነሳ ተራ ወንበር ነው። ሰው ከመቀመጡ በፊት ወንበሩን ትንሽ ገፋ ያደርገዋል፤ አንዳንዴ መልሶ እዚያው ቦታ ላይ ቢያስቀምጠውም። ቦታውን የመረጠው እሱ መሆኑን እንዲያውቅለት ያህል ነው።

ሪፐብሊክ አደባባይ

ጥናቱ ወደ ንድፍ ሲለወጥ ምን እንደሚመስል ለማየት የፓሪሱ ሪፐብሊክ አደባባይ ይመቻል። ስፋቱ 3.4 ሄክታር ገደማ ነው። መሃሉ ላይ በ1883 የተመረቀ ሐውልት ቆሟል። ለረጅም ጊዜ ግን ስሙ አደባባይ ይሁን እንጂ ግዙፍ የመኪና ማዞሪያ ነበር። ሐውልቱ ጋ ለመድረስ የትራፊኩን ጎርፍ ማቋረጥ ግድ ይላል። ከተማው ውድድር አወጣ። ቲቪኬ የተባለ፣ በ2003 የተቋቋመና የከተማና የሕዝብ ቦታ ጉዳይን ዋና ሥራው ያደረገ የፓሪስ ስቱዲዮ አሸነፈ። ሥራው በ2013 ተጠናቀቀ።

ትልቁ ውሳኔ አንድ ነው። መኪናው በሐውልቱ ዙሪያ መዞሩ ቀረ። ትራፊኩ ወደ አንድ ወገን ተሰበሰበና በሁለት አቅጣጫ እንዲሄድ ተደረገ። በሌላኛው ወገን ከሐውልቱ እስከ ሕንፃዎቹ ግርጌ ድረስ አንድ ወጥ ወለል ተዘረጋ። ዛፎች፣ ስስ የውኃ ገጽ፣ አንድ ካፌና የእንጨት መቀመጫዎች አሉት። የቀረው ቦታ ባዶ ነው ማለት ይቻላል።

ባዶነቱ ታስቦበት ነው። ዲዛይነሮቹ እዚያ ምን እንደሚደረግ አስቀድመው አልወሰኑም። በጥር 2015 ቻርሊ ኤብዶ በተባለው ሳምንታዊ ጋዜጣ ላይ ከደረሰው ጥቃት በኋላ የተደረገው ታላቅ ሰልፍ የተነሳው ከዚያ ነው። በዚያው ዓመት ኅዳር ፓሪስ ላይ ጥቃት በደረሰ ጊዜም ሰው አበባና ሻማ ይዞ የመጣው ወደዚያው ነው። በ2016 ጸደይ ደግሞ «ንዊ ደቡ» የተባለው የተቃውሞ እንቅስቃሴ ለሳምንታት ማታ ማታ ተሰብስቦበታል። በአዘቦት ቀን ስኬትቦርድ የሚነዱ ወጣቶች ይውሉበታል።

ትችትም አላጣውም። ወለሉ ድንጋይና ኮንክሪት ይበዛበታል፣ በበጋ ይግላል፣ ጥላ ያንሰዋል የሚሉ ብዙ ናቸው። የአውሮፓ በጋ ከዓመት ዓመት እየከፋ ሲሄድ ይህ ትችት እየከበደ ነው የሚመጣው። ደጋፊዎቹ ደግሞ በዛፍና በአጥር የተሞላ አደባባይ ያን ሁሉ ሰው ሊይዝ አይችልም ነበር ይላሉ። በእኔ ግምት ሁለቱም እውነት አላቸው። ከተማው ሊሰበሰብበት የሚችል ቦታ ሲመርጥ ጥላውን በከፊል መሥዋዕት አድርጓል። ስቱዲዮው ምርጫውን ቀለል ባለ መልክ አቀረበው እንጂ ብቻውን አልወሰነውም።

አለመሥራት ሥራ ሲሆን

በሌላኛው ጽንፍ ያለው ፈረንሳይ ውስጥ ቦርዶ ላይ የሆነው ነው። በ1996 የቦርዶ ከተማ አደባባዮቿን ለማስዋብ ተነሳች። ሌዮን ኦኮክ የተባለችው ትንሽ አደባባይ ለላካቶንና ቫሳል ስቱዲዮ ደረሰች። በዛፎች የተከበበች፣ ሰፈርተኛው አግዳሚ ወንበር ላይ የሚያወጋባትና ፔታንክ የተባለውን የብረት ኳስ ውርወራ የሚጫወትባት ቦታ ናት። አርክቴክቶቹ ተመላልሰው አዩዋት፣ ነዋሪውን አነጋገሩ። ከዚያ ያቀረቡት ሐሳብ ይኸው ነበር፦ አትንኳት። ጠጠሩ ይታደስ፣ ጽዳቱ ይዘውተር፣ ዛፎቹ ይታከሙ፣ የመኪናው አካሄድ ትንሽ ይስተካከል። አለቀ።

አን ላካቶንና ዣን ፊሊፕ ቫሳል በ2021 የሙያው ትልቁ ሽልማት የሆነውን ፕሪትዝከርን አግኝተዋል። ይህች አደባባይ ስማቸው በተነሳ ቁጥር ትነሳለች። ግን ለምን ብርቅ ሆነች? መልሱ ያለው ክፍያው ላይ ነው።

በብዙ አገር የአርክቴክት ክፍያ የሚሰላው ከግንባታው ወጪ በመቶኛ ነው። ግንባታው ሲያብጥ ክፍያውም ያብጣል። ይህ ስሌት ለሕንፃ ሥራ በተወሰነ ደረጃ ያስኬዳል። ለሕዝብ ቦታ ግን አስቸጋሪ ነው። ወር ሙሉ ቆጥሮ፣ ነዋሪ አነጋግሮ፣ «ችግራችሁ የጽዳት ነው» የሚል ስቱዲዮ በዚህ ስሌት የሚያገኘው ከእጅ ወደ አፍ ነው። ንጣፉን ሁሉ አንስቶ በግራናይት የሚተካው ግን ይከፈለዋል። ሐኪሙ የሚከፈለው በጻፈው መድኃኒት ብዛት ከሆነ ጤነኛ ብሎ የሚመልሰው ሰው ጥቂት እንደሚሆን ማለት ነው።

የውድድሩም አሠራር ያንኑ ይገፋል። በብዙ ውድድር ላይ በርካታ ቢሮዎች ያለ ክፍያ ለሳምንታት ይሠራሉ፣ አሸናፊው አንድ ነው። ዳኞች ፊት ዓይን የሚስበው ሬንደሩ ነው። ጠጠር ማደስና ዛፍ ማከም ደግሞ በሬንደር አይታይም።

ከተማዎች በዚህ በኩል የሚሉት አላቸው፣ እውነትም አለበት። ከንቲባ በዘመኑ የሚታይ ነገር ማስመረቅ አለበት። በጀት ሲፈቀድም ለግንባታ የሚፈቀደውና ለዓመታዊ ሥራ ማስኬጃ የሚፈቀደው የተለያየ ነው። ለአዲስ ንጣፍ ገንዘብ ማግኘት ለሁለት የጽዳት ሠራተኞች ቋሚ ደመወዝ ከማግኘት ይቀላል። እዚህ ላይ ስቱዲዮ መውቀስ ትርጉም የለውም። የጥናቱ ምዕራፍ ከንድፉ ተለይቶ፣ በቁርጥ ዋጋ የሚከፈልበት ውል ግን ይቻላል። አንዳንድ ቦታም ይሠራበታል።

ለሁሉም ክፍት፣ ግን የግል

ሌላው ግራ የሚያጋባ ጉዳይ ባለቤትነት ነው። ኒው ዮርክ በ1961 የግንባታ ደንቧን ስታሻሽል ለአልሚዎች ማባበያ አቀረበች። ከሕንፃህ ፊት አደባባይ ትተህ ለሕዝብ ክፈት፣ ሕንፃህን ከተፈቀደው በላይ ከፍ አድርግ የሚል ነው። ግንባታ በታጨቀባቸው ክፍሎች ለአንድ ካሬ አደባባይ እስከ አሥር ካሬ ተጨማሪ ወለል ይሰጥ ነበር። ለአልሚው ይህ ሎተሪ ነው። በግል ይዞታ ላይ ያለ የሕዝብ ቦታ የሚባለው ነገር በሰፊው የተወለደው በዚህ መንገድ ነው።

ውጤቱ ተዘበራረቀ። ደንቡ አደባባይ ይኑር አለ እንጂ ሰው ይቀመጥበት አላለም። ብዙ አልሚዎች የሚያንሸራትት ባዶ ወለል አስረክበው ተጨማሪ ፎቃቸውን ወሰዱ። የዋይት ጥናት ያስከተለው ለውጥ በ1975 መጣ፤ ለእያንዳንዱ 2.8 ካሬ ሜትር ገደማ 30 ሳንቲሜትር መቀመጫ ግዴታ ሆነ። በ2000 ይፋ የሆነ የከተማ ዕቅድ ምሁሩ የጄሮልድ ኬደን ቆጠራ 503 እንዲህ ያሉ ቦታዎችን አገኘ። 41 በመቶዎቹ እዚህ ግባ የማይባሉ ነበሩ። ከተማው ፎቁን ሰጥቷል፣ በምላሹ ያገኘው ግን ግማሽ ያህሉን ነው ለማለት ይቻላል።

ባለቤትነት የግል ሆነ ማለት ሁሌ ነፃነት ጠበበ ማለት ግን አይደለም። የኒው ዮርኩ ዙኮቲ ፓርክ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። 3,100 ካሬ ሜትር ገደማ የሆነች የግል ቦታ ናት። የከተማው መናፈሻዎች ማታ ይዘጋሉ። ዙኮቲ ግን በገባችው ስምምነት የተነሳ 24 ሰዓት ክፍት መሆን ነበረባት። በመስከረም 2011 የ«ዎል ስትሪትን እንያዝ» ተቃዋሚዎች የሰፈሩት እዚያ ነው። እስከ ኅዳር 15 ቆዩ። በመንግሥት መናፈሻ ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያውን ሌሊት ማለፋቸው ያጠራጥራል። ባለቤቱ ድንኳን መትከልና መተኛት የሚከለክል ደንብ ያወጣው ሰዎቹ ከሰፈሩ በኋላ ነው።

የለንደኑ ኪንግስ ክሮስ ሌላውን ገጽታ ያሳያል። 27 ሄክታር ገደማ የሆነው አካባቢ አደባባዮቹ ጭምር በአንድ ባለይዞታ እጅ ናቸው። ጽዱ ነው፣ ፏፏቴ አለው፣ ሕፃናት ይጫወቱበታል። በ2019 ግን የፊት ገጽ የሚለዩ ካሜራዎች እንደነበሩት በጋዜጣ ወጣ። ድርጅቱ ቴክኖሎጂው እስከ 2018 ድረስ በሁለት ካሜራዎች ላይ ይሠራ እንደነበር አመነ። የግል መረጃ ጥበቃ ተቆጣጣሪው ምርመራ ከፈተ። እዚያ ሲመላለስ የነበረው ሰው የሌላ ሰው ግቢ ውስጥ መሆኑን እንኳ አያውቅም።

የግል አስተዳደርን የሚደግፉ ሰዎች ከተማው ማጽዳት ያቃተውን ባለሀብቱ ያጸዳል ይላሉ። የሚቃወሙት ደግሞ ጥበቃው «ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው» ሲል አቤት የሚባልበት ቦታ አለመኖሩን ያነሳሉ። የሁለቱ ክርክር የሚፈታው በዲዛይን አይደለም። ቦታው የማን ነው፣ ደንቡን ማን ያወጣል፣ ማን ይለውጠዋል የሚለው በጽሑፍ ሲሰፍርና ለሕዝብ ይፋ ሲሆን ነው።

ወንበር ላይ የተጻፈ ፖሊሲ

ዲዛይኑ ራሱ ጥበቃ የሚሆንበት ጊዜም አለ። በ2012 ለንደን ውስጥ ለካምደን አስተዳደር የተሠራው አግዳሚ ወንበር በዚህ ይታወቃል። አንድ ወጥ የኮንክሪት ድንጋይ ነው። ላዩ ወዲህና ወዲያ ያዘነብላል፣ ስለዚህ መተኛት አይቻልም። ጠርዙ ወጣ ገባ ነው፣ ስኬትቦርድ አያስኬድበትም። ቀለም አይዝም፣ ጽሑፍ አይጻፍበትም። ዕቃ የሚወሸቅበት ስንጥቅ የለውም። ይህ ዓይነቱ አሠራር ገፍታሪ ዲዛይን ይባላል።

ሠሪዎቹ የሚከራከሩት ወንበሩ ማንንም ከመቀመጥ አይከለክልም ብለው ነው። እውነት ነው፣ ለአሥር ደቂቃ ይቀመጡበታል። የቸገረው ነገር ትዕዛዙ ነው። ስቱዲዮው በእጁ የደረሰው ቢጋር፣ ማለትም የሥራው ዝርዝር መግለጫ፣ እንዳይሆን የተፈለገውን ሁሉ ዘርዝሮ እንዲሆን የተፈለገውን ከረሳ የሚወጣው ይሄ ነው። ቤት የሌለው ሰው ወንበሩ ስላዘነበለ ቤት አያገኝም። ሌላ ጎዳና ይሄዳል።

ሲሳካስ?

አንዳንዴ ችግሩ የሚመጣው ሥራው ሲያምር ነው። የኒው ዮርኩ ሃይ ላይን የመጨረሻው ባቡር በ1980 ካለፈበት በኋላ ሳር የበቀለበት ከፍ ያለ የሐዲድ ድልድይ ነበር። ሁለት ነዋሪዎች በ1999 ማኅበር አቋቋሙና እንዳይፈርስ ታገሉ። በጄምስ ኮርነር ስቱዲዮ፣ በዲለር ስኮፊዲዮና ሬንፍሮ እና በአትክልት ዲዛይነሩ ፒት ኡዶልፍ ተነድፎ የመጀመሪያው ክፍል በ2009 ተከፈተ። አሁን 2.3 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፣ ከዓለም ዙሪያ ሰው ይጎርፍበታል።

ከሥሩ ያለው ሰፈር ግን ተቀየረ። ብዙ ጊዜ ጣት የሚቀሰረው መናፈሻው ላይ ነው። ትልቁ ነገር የተደረገው ግን ከመከፈቱ ከአራት ዓመት በፊት ነው። ከተማው በ2005 የአካባቢውን የግንባታ ደንብ ለወጠ። ከሐዲዱ ሥር መሬት ያላቸው ሰዎች የመገንባት መብታቸውን በአቅራቢያ ላሉ ሌሎች ቦታዎች መሸጥ ቻሉ። ሐዲዱ እንዳይፈርስ ያስቻለው ይኸው ነው፣ ቅንጡ አፓርታማዎቹን ያመጣውም ይኸው ነው። ስቱዲዮዎቹ ሳር ሲመርጡ ይህ ሁሉ ተወስኖ ነበር።

ከመሥራቾቹ አንዱ ሮበርት ሃሞንድ በ2017 በግልጽ እንደተናገረው በአቅራቢያው የመንግሥት ቤቶች ውስጥ የሚኖሩትን ሰዎች የጠየቋቸው ዲዛይኑ ምን ይምሰል ብለው ነበር። መጠየቅ የነበረበት ምን እናድርግላችሁ የሚለው ነበር። የብዙ «የሕዝብ ተሳትፎ» ስብሰባዎች ጉድለት እዚህ ላይ ነው። ነዋሪው ስለ ወንበር ቀለም ይጠየቃል፤ ስለ ኪራይ ጭማሪ ግን የሚጠይቀው የለም።

ቀድሞ መሞከር፣ ቆይቶ መክፈል

ከዚህ አዙሪት ለመውጣት ከተማዎች የያዙት አንዱ መንገድ ሙከራ ነው። ኒው ዮርክ በግንቦት 2009 ብሮድዌይን ታይምስ ስኩዌር ላይ ለመኪና ዘጋች። የትራንስፖርት ኃላፊዋ ጃኔት ሳዲክ ካን ግንባታ አላስጀመረችም። ርካሽ ታጣፊ ወንበሮች አስፋልቱ ላይ ተበተኑ፣ ሰው ተቀመጠባቸው። በዓመቱ ቆጠራው ሲወጣ የእግረኞች ጉዳት 35 በመቶ ቀንሶ ነበር። ስኖሄታ የተባለው ስቱዲዮ ረጃጅሞቹን የግራናይት አግዳሚ ወንበሮችና አዲሱን ወለል የሠራው ከዚህ በኋላ ነው። ወንበሮቹ ውስጥ ለዝግጅት የሚሆን የኤሌክትሪክ መስመር ተቀብሯል፤ ጄኔሬተር መጎተት ቀረ። ሙከራው ስቱዲዮውን ከመገመት አድኖታል።

የሚቀጥለው ትልቅ ጫና የሚመጣው ከአየር ንብረቱ ነው። አደባባይ ከእንግዲህ ጥላም ጎርፍ መያዣም እንዲሆን ይፈለጋል። በኔዘርላንድስ ሮተርዳም ውስጥ ደ ኡርባኒስተን የተባለ ስቱዲዮ በ2013 የሠራው የቤንተምፕላይን አደባባይ ይህን ሞክሯል። ሦስት ጎድጓዳ ስፍራዎች አሉት። ደረቅ ሲሆን ጥልቁ ኳስ ሜዳ ነው፣ ዙሪያው ደረጃ መቀመጫ ይሆናል። ከባድ ዝናብ ሲጥል ሦስቱ አንድ ላይ እስከ 1.7 ሚሊዮን ሊትር ውኃ ይይዛሉ፣ የከተማው ፍሳሽ መስመር እፎይ ይላል። የአካባቢው ተማሪዎችና ነዋሪዎች በንድፉ ላይ ቁጭ ብለው መክረውበታል።

እንዲህ ያለ ቦታ ገንዘብ ለማግኘት ይቀለዋል፤ የውኃ በጀትና የአደባባይ በጀት ይደመሩለታል። ጣጣው የሚመጣው ከዝናቡ ማግስት ነው። ውኃው ወርዶ ሲያልቅ ሜዳው ላይ ደለልና ቆሻሻ ይቀራል። የፍሳሽ ክፍሉ አደባባይ ነው ይላል፣ የመናፈሻ ክፍሉ የጎርፍ መያዣ ነው ይላል። ማን በስንት ሰዓት ውስጥ እንደሚያጸዳው ከግንባታው በፊት በውሉ ካልሰፈረ ኳስ የሚጫወቱት ልጆች ሌላ ሜዳ ይፈልጋሉ።